ሁለት ቤት፣ ሁለት ፍርድ

ባሌ ሁለት ቤት አለው። አንዱ ኬንያ ሞያሌ ነው፣ የኔ፤ ሌላው ከኬላው ወዲያ ኢትዮጵያ ሞያሌ ነው፣ የጣውንቴ። እኔ እዚህ ገበያ ውስጥ ሚቱምባ፣ ያው ልባሽ ጨርቅ፣ እሸጥ ነበር። እሷ እዚያ ሱቁን ትይዝለታለች። ሳምንቱን እኩል አካፍሎናል፤ በዚህ አላማውም። የማማው በሌላ ነው፣ ያውም ጥርሴን ነክሼ።

አራተኛ ልጄን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ ከሞት አፍ ተመለስኩ። ሐኪሙ ሌላ እርግዝና ከመጣ ላልተርፍ እንደምችል ሲነግረኝ ባሌ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። አምስተኛው ግን መጣ። የወሊድ መከላከያ መርፌውን እየተወጋሁ መጣ፣ ጉድ እኮ ነው። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ እርግዝናው ገና ጅምር ስለሆነና ለነፍሴም ስለሚያሰጋ ሐኪሙ ሊያቋርጠው እንደሚችል ነገረችኝ። ቀጥላ ግን ባልሽን ይዘሽ ነይ አለች። ሆዱ የኔ፣ ደሙ የኔ፣ ፈቃዱ የሱ!

ምሳ አቅርቤ ነገርኩት። እጁን ከሳህኑ አላነሳም።

«ልጅ ሪዝቁን፣ ሲሳዩን ይዞ ይመጣል» አለኝ።

ሐኪሙ ያለውን ባስታውሰው፣ ሐኪምም ሰው ነው፣ ይሳሳታል አለ። የእናት ነፍስ ካሰጋ ይፈቀዳል የሚሉ ሼህ እንዳሉ ብነግረው የሴት ወሬ ነው አለ። በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ሰደደብኝ። ልጁ የአባቱ ነው፣ ያለ አባቱ ቃል የሚነካው የለም ብለው መከሩኝ። እኔ ብሞት አራቱን ማን ያሳድጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ብቻዬን እንዳልሄድ ልጆቼን ወስዶ እዚያኛው ቤት ያስገባብኛል ብዬ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቀረሁ።

ወለድኩ። ሴት ናት። ደሙ እንደተባለው መጣ፤ ማህፀኔን አውጥተው ነፍሴን አተረፉልኝ። ከዚያ ወዲህ ወገቤ ቦንዳ ጨርቅ ማንሳት አቃተው። የገበያ ቦታዬን ሌላ ሴት ይዛዋለች፣ ከኦዳ መንደር የሚመጡት ደንበኞቼም አሁን የሚገዙት ከሷ ነው። እኔ ለሳሙና እንኳ የሱን እጅ አያለሁ። ልጅቱንማ እወዳታለሁ፣ እሷ ምን አጠፋች? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ? እንደዚያ ነው።

ጣውንቴ አጥሚትና ቅቤ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ደግ ናት፣ ጠብ የለንም። ሕፃኗን አቅፋ ትንሽ እንዳየቻት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ምነው አልኳት። እሷም በዚያው ሰሞን አርግዛ እንደነበር ነገረችኝ።

«እሱ ራሱ ወስዶ አስወረደኝ፣ እትዬ» አለች። «ሱቁን ማን ይይዝልኛል አለኝ። እኔማ መውለድ ነበር የፈለግኩት።»

እስክትጨርስ ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቋታል። በዚያው ሳምንት ነው እኔ ቤት መጥቶ ስለ ሪዝቅ የሰበከኝ። እኔ ልተርፍ ብዬ ለመንኩት፣ እሷ ልውለድ ብላ ለመነችው፤ ሁለታችንንም አልሰማንም።

እንባዋን ሳትጠርግ እሱ ወዳጆቹን አስከትሎ ገባ። ሕፃኗን ከጣውንቴ እቅፍ ወስዶ ለሰዎቹ ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ሐኪሙም እናቷም ትውረድ ብለው ነበር» አለ። «ለአላህ ብዬ ያተረፍኳት እኔ ነኝ።»

ሰዎቹ አባት ማለት እንዲህ ነው እያሉ አመሰገኑት። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ዞር ብዬ ጣውንቴን ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ብናገር የምትዋረደው እሷ ናት፤ እሱማ ምን ይሆናል? ሽማግሌዎቹ የሚላኩት እሷ ላይ ነው።

ከዚያ ለልጅቱ ዱዓ ሊያደርግ እጁን ዘረጋና አሚን በሉ አለ። ሁለታችንም አሚን አልን።