ከደመራው በፊት የታጨደው አበባዬ

ልጄ ዛሬ ጠዋት የመስቀል አበባዬን ሳያስፈቅደኝ አጭዶ ወሰደብኝ።

ክረምቱን ሙሉ የኮተኮትሁት ነው። በቤታችን ለደመራው ካልሆነ በቀር ማንም አይቆርጠውም።

«አቦይ፣ ለንጉሡ እንደራሴ መቀበያ ነው። አለቃዬ ከየቤታችሁ አምጡ ብሎን ነው» አለኝ።

«አለቃህ ግቢ የለውም?» አልሁት።

እንደራሴው በማኪና ሽው ብለው አለፉ። መስኮታቸውን እንኳ አልከፈቱም።

ወደ ማምሻው የተረፈኝን ባዶ አገዳ አስሬ በሰፈራችን በሓዝሓዝ ደመራው ላይ አቆምሁት። ልጄ መጥቶ ችቦዬን ለኮሰልኝ። አላመሰገንሁትም፣ ሂድም አላልሁትም።

እናንተስ ዘንድሮ ከግቢያችሁ ለደመራው ምን ይዛችሁ ወጣችሁ? ጻፉልኝ።

የልጄን ነገር ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ። ከዛሬ ወዲያ አላነሳውም።