ኮምፒውተሩ ነው የመደባት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ የፋሲካ ሰሞን ፊታቸው ቆሜ ትንንሹን ሁሉ እዘረዝራለሁ፤ ጾም ገድፌአለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ እናቴን ተቆጥቻለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አለ። ለሳቸው ያልነገርኩት ስለማፍራቸው ነው፤ ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። እዚህም ላይ ፈሪነቴን ልብ በሉልኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሮም ውስጥ የጣሊያን አሮጊትና ሽማግሌ የሚጠብቁ እናቶቻችን ዕረፍታቸው እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እኔም ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ላፕቶፕ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ቀጠሮ የሚያስይዝ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የመጣበት፣ ልጅ የሚያስመዘግብ፣ ሁሉም ወደ ፍሬ ነው። ፍሬሕይወት እባላለሁ። ላፕቶፑ የትምህርት ቤቴ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ናት ብለው አውሰውኝ ነው። ስወስደው ወረቀት አስፈርመውኛል፦ በሌላ ሰው ስም ገብቼ እንዳልሠራ፣ የሌላ ሰው መረጃ እንዳልነካ። ሳላነብ ፈረምኩ ብል ደስ ባለኝ። አንብቤ ነው የፈረምኩት።

ከነዚያ እናቶች ልጆች መካከል ሊቼዮ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊቼዮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ነው፤ የኛን ልጆች መምህሮቻቸው ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር የሚገፏቸው። «ፍሬን አታዪም?» እየተባለ የሌላው ልጅ ይሰደባል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ውስጤ ግን ቅቤ ይጠጣ ነበር። ያቺን «ብቻ» የምትለውን ቃል እንዴት እንደምወዳት ብነግራችሁ ትጸየፉኛላችሁ።

እትዬ ዘነበች ከሐሙስ ሴቶች አንዷ ነበሩ። ሌት ተቀን አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ ሲኞራ ይጠብቃሉ። ልጃቸውን ራሄልን አዲስ አበባ ትተዋት መጥተው፣ ስድስት ዓመት ለፍተው ወረቀቱን ጨርሰው አስመጧት። ራሄል ስትመጣ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፣ እናቷን በሳምንት ሁለት ቀን ታያለች። እትዬ ዘነበች አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፦ «እኔ የሰው አሮጊት አጥቤአለሁ። ራሄልዬ አታጥብም። በቃ።» ኢሜይል የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ለይለፍ ቃሉ የማይረሱት ነገር ይንገሩኝ ብላቸው «ራሄልዬ ሮም የገባችበትን ቀን አድርጊልኝ» አሉኝ። የልጅቷን ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን ጻፍኩ።

አሎራ፣ ወደ ነገሩ ልግባ፤ እየሸሸሁ ነው።

አንድ ሐሙስ አንዲት ሴት ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ይዛ መጣች። አነበብኩና «ከቤት ልቀቂ ነው የሚሉሽ» አልኳት። ሴትዮዋ ኡኡ ብላ ተቀመጠች። ራሄል ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። «አይ ፍሬ፣ አራዘሙላት እኮ ነው የሚለው፤ ሁለተኛውን መስመር እይው» አለች። አየሁት። እውነቷን ነው። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። አንዷ «ኧረ ይቺስ ትበልጥሻለች!» ብላ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። ሳቅሁ። የሳቀው ጥርሴ ብቻ ነው። ልጅቷ ምን አጠፋች? አንዲት ሴት ከለቅሶ አዳነች፤ ሌላ ምን አደረገች? እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት ጠላሁ።

ጥር ወር ላይ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በኢንተርኔት ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ሲኞራዋ ስለታመሙባቸው መውጣት አልቻሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሰው ቤት በረንዳ ላይ ደወሉልኝ። «ፍሬዬ፣ የኔ ልጅ፣ ያንቺው ትምህርት ቤት አስገቢልኝ። ሁሉም በእጅሽ ነው አይደል?» «አዎ እትዬ፣ ሁሉም አለኝ፤ አያስቡ» አልኳቸው። ራሄል ቀደም ብላ «አብረን እንሙላው?» ብላኝ ነበር። የወላጅ ነው፣ ልጅ አያየውም ብዬ መለስኳት። እኔስ የማን ወላጅ ነበርኩ?

ብቻዬን ከፈትኩት። የልጅቷን ስምና ሮም የገባችበትን ቀን ጽፌ ገባሁ። ኔቱ ቀርፋፋ ነበር፤ ገጹ ይከፈትና ይቆማል። እጄ ስቶ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! ውሸት ነው። መጀመሪያ የኔን ሊቼዮ ፈልጌ አገኘሁት፤ ስሙን አየሁትና አለፍኩት። ከዚያ የሙያ ትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ እስኪመጣ ድረስም እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ። ለመጸጸት ጊዜ አልነበረኝም አትበሉልኝ፤ ነበረኝ። የምግብ ሥራ ነበረ፣ ኤሌክትሪክ ነበረ፣ ልብስ ስፌት ነበረ። እኔ የመረጥኩላት አረጋውያን መንከባከብ የሚያስተምረውን ነው። ለምን እሱን? እናቷ የሚሉትን ስለማውቅ ነዋ! ምርጫ ሁለትና ሦስትንም እንዲሁ በሙያ ሞላሁት፣ ቀዳዳ እንዳይኖር። ከዚያ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። እኔ ነኝ የተጫንኩት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም።

የማረጋገጫው ኢሜይል ወዲያው መጣ፤ የመጣውም እኔው ወደምከፍተው ሳጥን ነው።

ከሳምንት በኋላ የራሄል የሒሳብ መምህርት እናቷን አስጠራች። ይቺ መምህርት ራሄል ሊቼዮ መግባት አለባት ብላ በእጇ የጻፈች ሴት ናት። እትዬ ዘነበች ጣሊያንኛቸው ከወጥ ቤትና ከመድኃኒት ስለማያልፍ እኔን አስከትለው ሄዱ። በመንገድ ላይ፣ ገና ሳንደርስ፣ ያዘጋጀሁትን ነገርኳቸው፦ «እትዬ፣ ሊቼዮው ቦታ ሞልቶ ነው መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ መድቧታል።» ቀጥ ብለው ቆሙ። መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ? «ምደባ ከሆነማ ምን ይደረጋል። ወንድሜም ሕክምና ጠይቆ እርሻ ነው የደረሰው።» በኛ አገር ሚኒስቴር ከመደበ መደበ ነው፤ የሚከራከር የለም። እዚህ ግን መራጩ ወላጅ እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። እንደማያውቁም አውቄ ነው ያንን ቃል የመረጥኩት።

መምህርቷ ፊት እኔና እትዬ ዘነበች ተቀመጥን፤ ራሄል አልነበረችም። «ለምን?» አለች፤ «እንዲህ ያለች ልጅ በስንት ዓመት አንዴ ነው የምትገጥመኝ። ምዝገባው አራት ቀን ይቀረዋል፤ መቀየር ይቻላል።» እኔ ወደ እትዬ ዘነበች ዞሬ «ቦታ በመጥፋቱ አዝኛለሁ ነው የምትለው» አልኩ።

«አይ የኔ እመቤት፣ እሷ ምን ታድርግ! ልጄን ስላስተማረችልኝ እግዜር ይስጣት በያት።»

ወደ መምህርቷ ዞርኩ። «ቶሎ ሥራ እንድትይዝልን ነው የምንፈልገው ትላለች» አልኩ።

መምህርቷ እትዬ ዘነበችን ያየችበትን ዓይን እስክሞት አልረሳውም። በልጇ የምትጨክን እናት አድርጋ አየቻቸው። እሳቸው ደግሞ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ያመሰግኗታል። እንባዬ መጣ? አልመጣም። አራት ቀን ነበረኝ፤ አራቱንም ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

ራሄል አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። ሜትሮ ጣቢያው ላይ ቆመን «ፍሬ፣ መምህሬ ‹እናንተው ናችሁ የመረጣችሁት› አለችኝ እኮ» አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እነሱ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሉት። ኮምፒውተሩ ነው የመደበሽ» አልኳት። ትንሽ አየችኝ። ባቡሩ መጣና ገባን። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳችውም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆንኩ። ራሄል አምስት ዓመቷን ጨርሳ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧን ያማታል፤ ሽማግሌ ስታነሳ ስታስቀምጥ። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት ገና ሳንነግራት ሰምታ የመጣችው ራሄል ናት። ከዚያ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ በገዛ ዕረፍቷ፣ እናቴን ታጥባለች። አንድ ክንዷን ከትከሻዋ ሥር፣ አንዱን ከጉልበቷ ሥር ታስገባና «ኖ ችግር እማማ፣ ተደገፊኝ» ትላታለች። እናቴ ከሷ ጋር ትስቃለች፤ ከኔ ጋር አትስቅም። እኔ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ኧረ ተይ፣ አትልፊ ስላት «አንቺ ለኛ ያልሆንሽው ምን አለ?» ትለኛለች። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት?

አንድ ሐሙስ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የማስጠናው ልጅ ረስቶት የሄደውን የሒሳብ ወረቀት አየሁ። ራሄል እናቴ እስክትደርቅ ስትጠብቅ በእርሳስ ሠርታዋለች። ለልጁ መምህር አሳየሁት። ሁሉም ትክክል ነው።

አሁን የሚያስቀውን ስሙ። በምሠራበት ትምህርት ቤት ስለ ኢንተርኔት ጨዋነት የሚያስተምረው ማን ነው? እኔ! በዓመት ስድስት ሰዓት ተማሪዎች ፊት ቆሜ የይለፍ ቃል ለሰው አይሰጥም፣ በሰው ስም አይገባም እላለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ፣ እናቷ እንደኛ እናቶች ሰው ቤት የምትሠራ፣ እጇን አወጣች። «ፕሮፌ፣ የእናቴን እኔ ካልያዝኩላት ማን ይይዝላታል?» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ መልስ ይጠብቃል። ልክ ነሽ፣ ያዢላት፣ ግን... ብዬ ጀመርኩ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ ራሄል እጇን እያደረቀች «ፍሬ፣ ለእማዬ የጡረታ ጉዳይ ያ የድሮ ኢሜይሏ ያስፈልገኛል። ከእንግዲህ እኔ ልያዘው፤ አንቺም ትረፊ። የይለፍ ቃሉ አለሽ?» አለችኝ። እፈልግልሻለሁ አልኳት። ምን እፈልጋለሁ! በየጊዜው ለፔርሜሶአቸው ቀጠሮ የምከፍተው እኔ አይደለሁ?

ያን ዕለት ከፈትኩት። ወደ ታች ስወርድ ስወርድ አገኘሁት። የምዝገባው ማረጋገጫ፣ ምርጫ አንድ፣ ምርጫ ሁለት፣ ምርጫ ሦስት፣ የተላከበት ቀን። ሊቼዮ የሚል የለበትም። በአንድ ጣት ይጠፋል። እስከ ዛሬ ለምን እንዳላጠፋሁት እኔም አላውቅም፤ ጥሩነት ነው ብላችሁ እንዳትደክሙ። ይኸው ስድስት ቀን ሙሉ እከፍተዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ራሄል ብታየው እናቴን ማን ያጥባታል? ይህንንም አሰብኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ይህንንም ያስባል።

ነገ ሐሙስ ነው። አላጠፋሁትም። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፍኩና እናቴ አልጋ አጠገብ፣ ፎጣው ላይ አስቀመጥኩት። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ራሄል ነበረች ልጅ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሉን ትደውላለች። በሩን ስከፍትላት፣ እጅጌዋን ሳትሰበስብ፣ እናቴን ሳትነካ፣ እንዲህ እላታለሁ። እንዳልፈራ እዚህ እየተለማመድኩት ነው።

ራሄል፣ ቦታ አልሞላም ነበር። ኮምፒውተሩ አልመደበሽም። እኔ ነኝ።