ለልጄ የላክሁት ሽምግልና

በእኛ ዘር ቁጣ እንደ ርስት ይወረሳል። አባቴ ተቆጥቶ ሲጮህ ጎረቤት በሩን አይዘጋም ነበር፤ እንዲያውም በደንብ እንዲሰማ ይከፍተዋል። እኔም የድርሻዬን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁና ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተማርሁ። ጠመኔ ወረወርሁ፣ ጠረጴዛ ደበደብሁ፣ አርፍዶ የመጣን ተማሪ እስከ ሰባት ቤቱ ድረስ ሰደብሁ። ማንም “ታመሃል” ያለኝ የለም። “ኃይለኛ አስተማሪ ነው” ነበር የሚሉኝ፤ እኔም እንደ ሹመት እቀበለው ነበር።

ነገር የተበላሸው የገዛ ልጄ ዐሥረኛ ክፍል ደርሳ እኔ የማስተምርበት ክፍል ስትመደብ ነው። ያለችኝ ልጅ እሷው ብቻ ናት። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ስመልስ የእሷን አየሁት፤ ከግማሽ በታች ነው። አስነሳኋትና ስድሳ ተማሪ እየሰማ፣ “አንቺን ልጄ ከምል ልጅ የለኝም ብል ይሻለኛል” አልኋት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም።

ነገር ካላት በእናቷ በኩል ነው የምትልከው። ማዕድ ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን፣ “እማዬ፣ በርበሬውን ጋሽ መምህር ያቀብሉኝ በይልኝ” ትላለች። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲያ ተብዬ አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥ ማዕረግ አገኘሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆነን ቆየንና ሚስቴ አንድ ምሽት፣ “ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደምበጫ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች። እዚያ ትማራለች” አለችኝ።

“ማንን አስፈቅዳ ነው?” ብዬ ጮህሁ።

“እንዲህ ስለምትጮህ ነዋ” አለች። “እኔ ምን ላድርግልህ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽ።”

ሴሚስተሩ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ፈራሁ። ሰው ፊት አልተናገርሁትም እንጂ በጣም ፈራሁ፤ ልጅቱ አንዴ ከሄደች ተመልሳ የእኔ ልጅ እንደማትሆን ገብቶኛል። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር የልብ ጓደኛዬ ነውና እሱን አማከርሁት። እሱም በከተማው ውስጥ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ሥራ መጀመሯን ነገረኝ። “እኔ እብድ ነኝ?” ብዬ ተነሣሁበት። “ለእብዶች ሌላ ቦታ አለ፤ ይኼ ለአንተ ዓይነቱ ነው” አለኝ።

በባጃጅ ሄድሁ። ሰው እንዳያየኝ ሁለት ሠፈር አልፌ ወረድሁና ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በእግሬ ተመለስሁ። በመንገዴ አራት ተማሪዎች “ደኅና ዋሉ መምህር” አሉኝ።

አማካሪዋ ወጣት ናት፤ እኔ ካስተማርኋቸው ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጧታል። “እዚህ ምን አመጣዎት?” አለችኝ። እንግዲህ እኔ በሕይወቴ ምስጢሬን የነገርሁት ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው፤ የማውቀውም አነጋገር ያው ነው። አንገቴን ደፋሁና፣ “በማየት፣ በመስማት፣ በመናገር፣ አውቄም ሳላውቅም በድያለሁ” ብዬ ዝም አልሁ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ይህ ይበቃል። ይጸልዩልኛል፣ ስግደት ያዝዙኛል፣ ተሳልሜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

“እሺ። ምንድን ነው የተናገሩት?”

“ብዙ ነው።”

“ከብዙው አንዱን ይንገሩኝ።”

“ጠቅልዬ ነገርሁሽ እኮ!” አልኋት፤ ድምፄ ከፍ አለ። አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ስጠይቃት ስለ እስክሪብቶዋ ተጨቃጨቅን፤ ሰዓቱም በዚያው አለቀ። ስነሣ፣ “እንግዲህ ስንት ልስገድ?” ብዬ ጠየቅኋት። ሳቋን ለመቆጣጠር ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ዐሥር ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቀመጥ፣ ትንፋሼን ብቻ እንድከታተል፣ ሐሳብ ሲመጣም ሳልከራከረው እንዳሳልፈው አዘዘችኝ። ከስግደት ይቀላል ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

አይቀልም። በማግሥቱ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥሁ። ሦስት ጊዜ እንደተነፈስሁ የፊዚክሱ መምህር ውጤት ሳያስረክብ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ሐሳቡን ላሳልፈው ሞከርሁ፤ አላልፍ አለኝ። ተነሥቼ ደወልሁለትና ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ልክ ልኩን ነገርሁት። ከዚያ ተመልሼ በሰላም ተነፈስሁ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ጎረቤቴ በአጥር አሻግረው አዩኝ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሠፈሩ ጠብ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚበርደው። ሚስቴን ጠርተው፣ “ባልሽ ምን ሆኖ ነው?” አሏት። እሷም አማካሪ ዘንድ ይሄዳል ማለቱን አፍራ፣ “ምንም አልሆነም ጋሼ፤ እየተነፈሰ ነው” አለች።

“ተመስገን ነው” አሉ እሳቸው። “ግን ከመቼ ወዲህ ነው የባሰበት?”

በነጋታው ዓይኔን ስገልጥ ሰባት ጎረቤት ከብቦኝ ተቀምጧል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ በጄሪካን ጠበል ይዛለች። “እግዜር ይማርህ፤ አይዞህ፣ ዛሬ ትንሽ ፊትህ ተመልሷል” አሉኝ ጎረቤቴ። ብድግ ብዬ ጮህሁባቸው። “ይኸው ድምፁም ተመለሰ!” ብለው እልል አሉ። ያን ጊዜ በመስኮት በኩል ልጄን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም መጋረጃውን ዘጋችው። ያን ቀን ሙሉ ጮማ እንደበላ ሰው ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ለአራተኛ ጊዜ ስሄድ ልጄን በክፍሉ ፊት ያልኋትን ያቺን ዐረፍተ ነገር ለአማካሪዋ ነገርኋት፤ ሳልጠቀልል፣ ቃል በቃል። “ይህን ለልጅዎ ነው የተናገሩት” አለች። “እንግዲያው ይቅርታውም ለልጅዎ ነው የሚነገረው።”

እኔ ባደግሁበት ቤት አባት ቢበድልም ጉልበት የሚስመው ልጅ ነው። መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድሁ። ሰው ሰውን ሲበድል በእኛ አገር ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። በቃ! ለምን እስካሁን እንዳልታየኝ ገረመኝ። በኋላ አማካሪዋ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

የንስሐ አባቴን፣ ርእሰ መምህሩንና ጎረቤቴን ለእሑድ ቀጠርኋቸው። ሁሉም በደስታ እሺ አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ደጄ ላይ ተሰብስበው፣ “ለመሆኑ የተጣላኸው ከማን ጋር ነው?” አሉኝ።

“ከልጄ ጋር።”

የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን አገላበጡ። “ልጅህ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።”

“አባ፣ እኔ እንድበድላት ዕድሜዋ ከበቃ ለመታረቅ አይበቃም?”

ገቡ። እኔ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ደጅ ቀረሁ። ሚስቴ ድንጋዩን አይታ፣ “አነሰ” አለችኝ። ልጄ የቤት ሥራዋን ትታ ወጣች፤ መስቀል ተሳልማ “ግቡ፣ ተቀመጡ” አለች። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ጎረቤቴ፤ ከዚያም እግርና እግርም ይጋጫል ብለው ጀመሩና የመግቢያውን ወግ ረዘም አድርገው አወረዱት። ልጄ ጨርሳ ሰማቻቸው።

“ለመሆኑ ምን በደለኝ?” አለች።

ሦስቱ ተያዩ። ለካ ለእነሱም ጠቅልዬ ነው የነገርኋቸው። “በመናገር…” አሉ የንስሐ አባቴ።

“ምን ተናገረ? ራሱ ገብቶ ይናገር።”

ገባሁ። ድንጋዩ ማጅራቴን ይቆረቁረኛል። ያቺን ዐረፍተ ነገር በሽማግሌዎቹ ፊት ደገምኋት። ርእሰ መምህሩ መሬት መሬት አየ። “ይህን?” አሉ ጎረቤቴ። “ለልጅህ?” ከዚህ በኋላ እንዴት እንደተናገርሁ አላውቅም። “ያን ቀን ያፈርሁት በአንቺ አልነበረም” አልኋት። “የሒሳብ መምህር ልጅ ሒሳብ ወደቀች ብለው መምህራኑ እንዳይስቁብኝ ነው የፈራሁት። ለራሴ ስም ብዬ አንቺን አዋረድሁ። ልጄ ነሽ፤ ይቅር በይኝ።”

ድንጋዩንም እኔንም አየች። “ይቅር ብያለሁ” አለች። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ወደ ወንበር ሲሄዱ፣ “ግን ዳግመኛ እንዳይለው ዋስ ይጥራ” አለች። ወግ ነውና ትክክል ናት። ቆሙ።

ርእሰ መምህሩን አየሁት። “እኔ ሥራዬ ይበዛል” አለ። ጎረቤቴን አየኋቸው። “እኔ አርጅቻለሁ ልጄ፤ ያንተ ዋስነት ጉልበት ይፈልጋል።” የንስሐ አባቴ ሳላያቸው መለሱ፤ “እኔ ለነፍስህ እማልዳለሁ፤ ለምላስህ ግን ዋስ አልሆንም።” ወደ ሚስቴ ዞርሁ። “እኔን አትየኝ” አለች።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ትንሽ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ “ኃይለኛ” ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች፣ የሚወዱኝ ሰዎች፣ አንዳቸውም ለአፌ ዋስ መሆን አልደፈሩም። ድንጋዩን እንደተሸከምሁ ቆሜ ቀረሁ፤ የምጠራው ሰው አልቀረኝም።

“እሺ፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ” አለች ልጄ።

“ተበዳይ ለበዳይ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም” አሉ ጎረቤቴ።

“ሌላ ሰው ከጠፋ ምን ይደረግ?” አለች። “ዋስ ከሆንሁ ደግሞ ደምበጫ ሆኜ እንዴት እጠብቀዋለሁ? እዚሁ ነኝ።”

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔን ደጋግመው ተቀመጥ ይሉኛል፤ እያለቀስሁ ስለነበር ወንበሩ አልታየኝም።