እሳት የማይወጣበት ቤት

ባለፈው ሳምንት አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። ንፋስ መውጫ ላይ መብራት ሲሄድ ማንም አይደንቀውም፤ የሚደንቀን ሲመጣ ነው። ለዚህች ከተማ ስም ያወጣላት ሰው አልዋሸም፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ባላውቅም፣ በእኔ በር ስር እንደሚገባ ግን አውቃለሁ። ከሰል አቀጣጥዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ እንደተቀመጥሁ በሩ ተንኳኳ። ከጓሮ ያለውን ክፍል በቅርቡ የተከራየችው ሰላም ናት። መተማ ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ የተመደበች ነርስ ናት። ሁለት ጃኬት ደርባለች፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማለች፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። በእጇ ባዶ የከሰል ምድጃ ይዛለች።

"እማማ፣ ትንሽ ፍም ይሰጡኛል?" አለችኝ።

አፌ ቀደመኝ። "ከዚህ ቤት ዛሬ እሳት አይወጣም" አልኋት።

ዓይኗ መሬት ወረደ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት የእኔ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ሙሽራ ነበርሁ። አገሬ ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ሲወረድ ያለው ቆላ። በበጋ ደጅ መደብ ላይ እንተኛለን፤ ወደ ቤት የሚያስገባን ዝናብ እንጂ ብርድ አልነበረም። ባሌ ምስጋናው አስተማሪ ነበርና ጉና እግር ስር፣ ላይ ጋይንት ካለ አንድ መንደር ደረሰው። "ብርድ አለው ይላሉ" አለኝ። "ነጠላዬን አጥፌ እደርባለሁ" አልሁት። ደግነቱ አልሳቀብኝም።

ከወገዳ በጭነት መኪና፣ እህል ላይ ተቀምጠን ወጣን። መንገዱ አጥንት ይለያያል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያጠረ፣ የእኔም ወሬ እያጠረ ሄደ፤ ንፋስ መውጫ ስንደርስ ጥርሴ ብቻ ነበር የሚያወራው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

በገባን በሳምንቱ ግድም ጠዋት በር ብከፍት ግቢው ነጭ ሆኗል። ሮጬ ምስጋናውን ቀሰቀስሁት። "ተነስ፣ የሰው ዱቄት ተደፍቷል" አልሁት። ወጥቶ አየና፣ "አመዳይ ነው፤ ብርዱ ነው እንዲህ የሚጋገረው" አለኝ። ብርድ በዓይን የሚታይ ነገር መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ብርዱንስ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ያልቻልሁት እሳቱን ነው። በእኛ አገር እንጨት ሞልቷል፤ ደረቅ ግራር ክብሪት ገና ሲያሸተው ይያያዛል። እዚህ ያለው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ኩበቱ ደግሞ እስኪለመን ይጨሳል። ሁልጊዜ ጠዋት እኔና ምስጋናው ምድጃው ላይ ተደፍተን እፍ ስንል እንቆያለን። ዓይኑ ቀልቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ነው ልጆቹ ፊት የሚቆመው። ጎረቤቶቻችን ግን ገና ሲነጋ ከጣራቸው ጭስ ይወጣል። እነሱ ከእኛ የተለየ ምን እንደሚያደርጉ የሚነግረን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ነበርን። የደጋ ሰው ደግሞ ወሬ አያበዛም፤ ብርዱ አፉን የዘጋው ይመስለኝ ነበር።

ምስጋናው ለስብሰባ ወደ ንፋስ መውጫ በወጣበት በአንድ የኅዳር ጠዋት ክብሪቱ ረጥቦ ከዳኝ። ከቤታችን ከፍ ብሎ ያለው ግቢ የእትዬ ዘነቡና የባላቸው የአያ ፈንታ ነው። ገል ይዤ እሳት ልጭር ወጣሁ። እትዬ ዘነቡን በረቱ ደጃፍ ላይ የወተት ማለቢያ በሁለት እጃቸው አቅፈው አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ እሳት ፈልጌ ነበር።"

"ውይ ልጄ፣ ላሚቱ ሌሊት ወልዳ። ዛሬ ከዚህ ቤት እሳት አይወጣም። አሁን…"

የቀረውን አልሰማሁም። ዞርሁ። በእኔ አገር ውሃና እሳት የሚነፍግ ደመኛ ብቻ ነው። ላም ወለደች ብሎ እሳት መንፈግ ሰምቼም አላውቅ። ቤቴ ገብቼ እርጥብ አመድ አጠገብ ቁጭ አልሁና ሆድ ባሰኝ፤ አለቀስሁ። ሲወጣልኝ ልብሴን በነጠላ ቋጠርሁ። ቁልፉን ምስጋናው ከሚያውቀው ቦታ አስቀመጥሁለት። የወገዳ መኪና ከሰዓት በፊት ከንፋስ መውጫ ይነሳል፤ እሱ ላይ ወጥቼ እናቴ ጋ ልገባ ነው። ባሌን እወደው ነበር። ቢሆንም እሳት ከሚነፍግ ሰው ጋር ዕድሜዬን አልጨርስም ብዬ ቆርጬ ነበር።

ክፋቱ፣ ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ በእትዬ ዘነቡ ደጃፍ ነው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ከበሩ ሲወጡ ተገጣጠምን።

"እኔ ወዳንች ልወርድ ነበር፤ አንች ወዴት ነሽ?" አሉኝ። ዓይናቸው ቋጠሮዬ ላይ ነው።

"አገሬ።"

"ደኅና? ሰው ሞተብሽ?"

"የለም። እሳት ነፈጉኝ" አልኋቸው።

እትዬ ዘነቡ ቋጠሮዬን ከትከሻዬ አውርደው በገዛ ብብታቸው ያዙት።

"እሳት አይወጣም አልሁ እንጂ፣ ሰው አይገባም አልሁ?" አሉኝ።

ቤታቸው ሞቃት ነበር። ምድጃው ላይ እንገር ተጥዷል፤ ላም እንደወለደች የሚታለበው ወፍራም ወተት። ሲበስል እንደ አይብ ረግቶ ቢጫ ይሆናል። ለካ በዚያ መንደር ላም የወለደችበት ቤት ወተቱ እስኪጠራ ድረስ እሳት አያወጣም፤ እንገሩን ግን ጎረቤት ገብቶ ይበላል። ጠዋት ከአፋቸው የነጠቅሁት ቃል "አሁን ግቢና እንገር ብይ" የሚል ነበር። በሞቀ የገብስ እንጀራ አድርገው አጎረሱኝ። ጣቴ ሲፍታታ ተሰማኝ፤ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ በእናት እጅ የጎረስሁ ያን ቀን ነው።

"ለመሆኑ እሳትሽን በየቀኑ ምን ይገድለዋል?" አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

"ማታ ማታ ውሃ አፈስበታለሁ" አልሁ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት አያ ፈንታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታየኛል።

"እናቴ ናት ያስተማረችኝ" አልሁ ተቆጥቼ። "እሳት ሳታጠፊ እንዳትተኚ ትለኛለች። በእኛ አገር ማሽላው ደርቆ ነፋስ ከተነሳ አንድ ፍንጣሪ መንደር ይጨርሳል።"

"እናትሽ ልክ ናት" አሉ እትዬ ዘነቡ። "የእኔ እናት ደግሞ እሳት ሳታዳፍኚ እንዳትተኚ ትለኝ ነበር። ሁለቱም ለየአገራቸው ልክ ናቸው።"

አያ ፈንታ ጋቢውን ከአፋቸው አነሱ። "ብቻ ዘነቡ፣ በኅዳር ብርድ ለእሳት ውሃ የሚያጠጣ ሰው እኔ አላየሁም" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ ስሜ "እሳት አጠጭዋ" ሆኖ ቀረ።

ማዳፈን ቀላል ይመስላል። ፍሙን ትሰበስቢያለሽ፣ መሐሉ ላይ ኩበት ትቀብሪያለሽ፣ አመድ ታለብሽዋለሽ። አመዱ ከበዛ ይታፈናል፣ ካነሰ ነድዶ ያልቃል። ወተቱ እስኪጠራ ድረስ በእትዬ ዘነቡ ምድጃ ላይ አበሰልሁ። ድንች መቀቀል፣ በሶ መበጥበጥ፣ የበግ ጸጉር መፍተል እዚያ ለመድሁ። ምስጋናው ከስብሰባው ሲመለስ ቤቱ ተቆልፎ ቢያገኝ ደንግጦ ሽቅብ መጣ፤ ኩበት ስጠፈጥፍ ደረሰ። ቋጠሮውን አይቶ እትዬ ዘነቡን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸውም "ልብሷን ልታጥብ ነው" አሉት። እውነቱን ራሴ የነገርሁት ልጅ ከወለድን በኋላ ነው።

ወተቱ በጠራ ዕለት እትዬ ዘነቡ ራሳቸው ፍም በገል ይዘው፣ በነጠላቸው ጫፍ ከነፋሱ ከልለው ወረዱ። ምድጃዬ ላይ አስቀመጡና፣ "ይኸን ውሃ ካጠጣሽው ሁለተኛ አልወርድም" አሉኝ። ማታ አዳፈንሁት። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አመዱ በዛ፣ አነሰ እያልሁ ስገላበጥ አደርሁ። ሲነጋ በእንጨት ገለጥ ባደርገው ቀይ ሆኖ ተነሳ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ምስጋናውን ቀሰቀስሁት።

"ዛሬ ደግሞ ምን ተደፋ?" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ያን እሳት እዚያ እስከኖርን ድረስ አልገደልሁትም። ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውረን ዕቃችን ተጭኖ ሲያልቅ፣ አርጅተው የነበሩት እትዬ ዘነቡ በከዘራ ወረዱ። በሌላው እጃቸው ገል ይዘዋል። ሊሰናበቱኝ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወደ ምድጃዬ አልፈው ጎንበስ አሉ፣ ፍሙን በገሉ ጫሩ፣ አመድ አለበሱት።

"እሳትሽ እኔ ዘንድ ይደር" አሉኝ።

አሁን በሕይወት የሉም። ምስጋናውም የለም። ብርዱ ግን አለ።

ታዲያ ሰላም ዓይኗን መሬት ስትጥል፣ ቀልዴ የት ሊያደርሳት እንደሚችል ታወቀኝ። እኔ ቃል ሳይጨርሱልኝ የዞርሁ ሰው ነኝ። እሷ ሳትዞር የጃኬቷን እጅጌ ያዝሁ።

"እሳት አይወጣም አልሁ እንጂ፣ ሰው አይገባም አልሁ?" አልኋት። ምድጃውን ከእጇ ተቀብዬ ከበሩ ኋላ አስቀመጥሁት።

ገባች። ለጭሱ መስኮቱን ገርበብ አደረግሁና ያለኝን ሽሮ አቀረብሁላት። ስለ መተማ ሙቀት እያወራችኝ አንዱን ጃኬት አወለቀች። ቆይታ ሻርፗን ፈታች። ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ ጥርሷ ፍንጭት ነው። ከተከራየች ጀምሮ ፊቷን ሙሉውን ያየሁት ያን ማታ ነው።

ወሬያችን ሳያልቅ መብራቱ መጣ። ሰላም ቀና ብላ አምፖሉን አየች። ከዚያ በርጩማዋን ወደ እሳቱ ሳብ አደረገች።