ውኃ የጠጣችው ታንኳ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ እሳቸው ኳስ ስለሚወዱ ኃጢአቴን ትተው ውጤቱን ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም። ስለዚህ ለዛሬ ንስሐ አባቶቼ እናንተ ሁኑና ስሙኝ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር እስከ ቆላ ድባ ጣናን ዙሩና ጠይቁ፤ እንደ እኔ ያለ በረኛ እናት አልወለደችም! ክንዴን ስዘረጋ ከግቡ ቋሚ እስከ ቋሚ እደርስ ነበር። ስዘል የሐይቁ ወፎች መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አውርቼዋለሁ፤ የሚያምነኝም አላጣሁም። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን በረኛ ሆኜ የቆምሁት በሕይወቴ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱንም ተሸንፈናል።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ሐይቁ ዳር ካምፕ ተክሎ ወደብ ያሠራል፤ እኔ ሲሚንቶ እሸከማለሁ። የካምፑ ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ ከሥራ በኋላ ኳስ ሲያንከባልሉ አይተን እኛንም ለከፈን። ብዙ ሳይቆይ የራሳችንን ቡድን አቆምን።

የቡድኑ ዋልታዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ኑሩ ነው። ከሐይቁ ዳር ሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ ደንገል የሚሉትን የሐይቅ ቄጠማ እያሰረ ታንኳ ሲሠራ የኖረ፤ አጥቂያችንም እሱ ነበር። ሲሮጥ እግሩ መሬት መንካቱን በዓይኔ አላየሁም። ሁለተኛው ቆዳ ነጋዴው አድማሱ ነው። የበሬ ቆዳ አምጥቶ ኳሷን ያሰፋት፣ ሆዷንም በበሬ ፊኛ የሞላት እሱ ነው። እኛ ደጋፊዎች ደግሞ እያንዳንዳችን አንዳንድ እስር ደንገል አዋጣን፤ ኑሩ በዚያ ደንገል ትልቅ ታንኳ ሠራልን። በጨዋታ ቀን ተጫዋቾቹን ዘጌ ታደርሳለች፤ በሌላው ቀን የዘጌን ቡናና ማገዶ እያመጣች ለቡድኑ ገንዘብ ታስገባለች። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ሐሳቡስ መልካም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ በሚሰበሰብበት ሾላ ሥር የተጨቃጨቅነውን ጭቅጭቅ በሬ ቢያርስበት አይጨርሰውም።

“ቡድኑ የእኔ ነው” ይላል አድማሱ። “ቆዳዬ ባይኖር ምን ልትለጉ ነበር? ሎሚ?”

“ታንኳዬ ባትኖር ቆዳህን ተሸክመህ ዘጌ በዋና ልትሄድ ነበር?” ይላል ኑሩ።

“ደንገሉስ የማን ነው?” ብለን እንጮኻለን እኛ። እኔ ከሁሉ አብልጬ እጮኻለሁ። ያዋጣሁት እስር ከሁሉ የቀጠነ ስለነበር ድምፄን ማወፈር ነበረብኝ።

እንግዲህ ያ ጨዋታ መጣ። ዘጌዎች ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በረኛችን ታሞ ነበርና እኔ ጉራዬን አስቀድሜ በሩ ላይ ቆምሁ። ሊያበቃ ሲል ከዘጌ ቡና ለቃሚዎች አንዱ አክርሮ መታ። ኳሷ ባጠገቤ አልፋ ገባች። እጄን እንኳ አላነሣሁም።

ሾላው ሥር ሸንጎ ተቀመጠብኝ። “ፀሐይዋ ከሐይቁ ላይ አንፀባርቃ ዓይኔን አጠፋችው” አልሁ። አድማሱ አገጩን ያዘና፣ “ቆይ፣ ቆይ፤ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?” ብሎ መጠየቅ ጀመረ። አንዳንዱም ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ይህን ጊዜ ኑሩ ብድግ አለ።

“ፀሐይዋን ተዉአት። ለሚመጣው ጨዋታ ከሐይቁ አንድ ጉማሬ አውጥተን እናቁም። ወላሂ፣ ጉማሬ ባይዝ እንኳ በሩን ይሞላዋል!”

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስለ ፀሐይዋ የጠየቀኝ ከዚያ ወዲያ የለም። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ እኔ ሳቅሁ። ቀልደኛ ሰው ሲቀለድበት ሌላ ምን ያደርጋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሜ ጠፋ። ምትኩ የሚለኝ እናቴ ብቻ ቀረች፤ ለሌላው ጉማሬ ሆንሁ። ወደቡ ላይ ጉማሬ፣ ገበያ ላይ ጉማሬ። ላገባት የፈለግኋት ልጅ አባት ሳይቀሩ “ደኅና ዋልህ፣ አቶ ጉማሬ” አሉኝ።

በቀል ያኔ ተፀነሰ። ሲሚንቶ እሸከማለሁ፤ ልቤ ግን የተሸከመው ኑሩን ነበር። ሲስቅ ባየሁት ቁጥር ይህን ጥርስ አንድ ቀን አስከድነዋለሁ እላለሁ። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም ነበር። መንገዱን የጠረገልኝ የገዛ ቡድናችን ክርክር ነው።

ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ከሐይቅ በወጣች ቁጥር ተደግፋ ቆማ በፀሐይ መድረቅ አለባት፤ ያለዚያ ሆዷ እየከበደ ትዘቅጣለች። ኑሩም አንድ ቀን ከሠራች አንድ ቀን ትረፍ ይል ነበር። አድማሱ ደግሞ፣ “የቆመች ታንኳ ምን ታመጣለች? ላም እንኳ ስታርፍ ታመሰኳለች! ቡና በየቀኑ ካመላለሰች ለከርሞ የእንጨት ጀልባ እንገዛለን” አለ። የእንጨት ጀልባ! ደጋፊው ጎመጀ። እጅ ሲወጣ እኔ ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ። ኑሩ ተረታ፤ ታንኳዋም በየቀኑ ትሠራ ጀመር። ጥቂት እንደቆየች ባዶዋን እንኳ ስትሄድ ጎኗ ከውኃው እኩል ሆነ።

አንድ ቀን ኑሩ ማንንም ሳይጠይቅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆማት። አድማሱ መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ።

“እሳት ይብላት! ያኔ በደንብ ትደርቅልሃለች!”

ይህን ቃል ያዙልኝ። እኔ ይዤው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደጋፊው አስገድዶት ኑሩ ታንኳዋን ባዶዋን ወደ ዘጌ ቀዘፈ። እኔ የካምፑ አስተርጓሚ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሰውየው ሐይቅ ከሌለበት አገር የመጣ ነው፤ ደንገል ይሁን ሸንበቆ አይለይም።

“ጌታዬ” አልሁት፣ “ያቺ ታንኳ ምንም አልጫነችም። ታዲያ እንዲህ የዘቀጠችው ምን ከብዷት ነው?”

“ምን ከብዷት ነው?” አለኝ።

“እኔ ሲሚንቶ ተሸካሚ ስለ ታንኳ ምን አውቃለሁ? ዘጌ ጫካ ነው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ሽፍታ አለ ይባላል። በዚያ ሁሉ ደንገል ሆድ ስንት ጠመንጃ ይደበቅ ይሆን እያልሁ እኮ ነው። ቀልዴን ነው።”

ቀልዴን ነበር? እናንተ ፍረዱ። ታንኳዋ ለምን እንደዘቀጠች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? እንዳትደርቅ ሁለት እጅ ያወጣሁት እኔ! በዚያ ዘመን አርበኛን ያስታጥቃል የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን የማላውቅ ሕፃን ነበርሁ? አውቃለሁ። እያወቅሁ ተናገርሁ። ተናግሬም ሲሚንቶዬን ተሸክሜ ሄድሁ።

ኑሩ ሲመለስ ሶላቶዎቹ ዳር ላይ ጠበቁት። ታንኳዋን ጎትተው አወጡና በሳንጃ ሆዷን ዘረገፉት። ደንገል ወጣ፤ ከደንገሉም ውኃ ወጣ፤ ሌላ ምንም አልወጣም። ባዶ ሆኖ ማግኘታቸው ይብስ አናደዳቸው።

“ውኃ ነው!” ይላል ኑሩ። “ውኃ ጠጥታ ነው! ደንገል ውኃ ይጠጣል! ማንንም ጠይቁ!”

ማንንም ጠይቁ ሲል እኔ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል በቂ ነበረች። አልተናገርሁም። በልቤ ያልሁትን ልናዘዝ፦ “አሁን ጉማሬ ይሳቅ” አልሁ። ቤንዚን አርከፍክፈው አቃጠሏት፤ እርጥብ ናትና ቀኑን ሙሉ ስትጨስ ዋለች። ኑሩን በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። ያን ቀን እራቴን በደንብ በላሁ። እንዲያውም ጨመርሁ።

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበር! ሰው ማን እንደጠቆመ ሲፈልግ የአድማሱ ቃል ትዝ አለው፤ እሳት ይብላት ብሎ አልነበር? እኔ ዝም ብል ይበቃ ነበር። ዝም ግን አላልሁም፤ ስም አወጣሁለት። “ጆሮው አድማሱ” አልሁት፣ የካምፑ ጆሮ ነው ለማለት። ሾላው ሥር ሰው ዳግመኛ በሳቅ ፈረሰ፤ ጉማሬነቴም ያን ቀን ቀረልኝ። ከዚያ በኋላ ቆዳ የሚሸጥለት ጠፋ፤ ለሰላምታው የሚመልስለት ጠፋ። ሚስቱን ይዞ ወደ ቆላ ድባ ተሰደደ። ኳሷን ሾላው ሥር አስቀምጦልን ሄደ።

ኑሩ ከክረምት በኋላ ተፈታ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነበር። መሬት የማይነካው ያ እግር አሁን መሬቱን እንደ ማረሻ ይሰነጥቀዋል። ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጦ ወደ እኔ ቤት መጣ።

“ምትኬ” አለኝ፤ ጉማሬ አላለኝም። “አንተ ያን ቀን ወደቡ ላይ ነበርህ። አድማሱ ነው አይደል?”

እዚህ ላይ እውነቱን የተናገርሁ መስሏችኋል? ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ። አዎ አልሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ሸጥሁት፤ አድማሱንም አብሬ።

ኑሩ እግሩን ጎትቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና፣ “እንግዲያስ አንተ ይቅር በለኝ” አለኝ። “ያን ቀን ጉማሬ ብዬ በሰው ፊት ያሳቅሁብህ ጠልቼህ አይደለም። አድማሱ የፀሐይዋን ነገር ሊያጣራ ሲነሣ ጊዜ ነው። እኔ እያየሁህ ነበር፤ ሰው እንዳያውቅብህ ብዬ ነገሩን በሳቅ አስቀየርሁት። ለማንም አልነገርሁም፤ አልነግርምም።”

አልነገረም። ቃሉን ይዞት ወደ መቃብር ገባ።

አድማሱ ግን አለ ይሉኛል፤ ቆላ ድባ እህል ገበያ ላይ ያዩት ሰዎች አሉ። ከእናንተ ወደዚያ የሚያልፍ ቢኖር ይህን ይንገረው፤ ጆሮው አንተ አይደለህም፣ ምላሱ ምትኩ ነው በሉት። ይቅር በለኝ አልልም። ይቅር ቢለኝ ደግሞ ይቅርታውንም ቀልድ አድርጌ አወራው ይሆናል።

ኑሩ የደበቀልኝንም እኔው ልጨርሰው። ያን ቀን ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። ኳሷ ስትመጣ ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንሁ።