ዜሮ ያስገኘችው ቢራቢሮ

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ስፒል» ነበር የሚሏቸው። ስሙን ያወጣላቸው አመላቸው ነው። ብዝሀ ሕይወት ማስተማር ሲጀምሩ ክፍሉን በሙሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ረግረግ ይነዱና ነፍሳት ያስለቅማሉ፤ የተለቀመውን ካርቶን ላይ በስፒል ያስወጋሉ። ብርቅ ነፍሳት ላመጣ ማርኩ ከፍ ይላል። ለማርክ የማይሮጥ ልጅ ደግሞ የት አለ? በየዓመቱ ረግረጉን ሲወሩት ኖሩ።

አንድ ልጅ ብቻ አስቸገራቸው። በረግረጉ ከሁሉ ብርቅ የነበረችውን ሰማያዊ ቢራቢሮ በጠርሙስ ይዞ መጣና ክፍሉ ፊት ክዳኑን ከፈተው። ቢራቢሮዋ በመስኮት እብስ!

«ምን ነካህ አንተ?»

«አሳዘነችኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይቺም ዜሮ ታሳዝንህ!» ክፍሉ አውካካ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ረግረጉ ዳር ሲንሸራሸሩ ነው የደነገጡት። ሰማያዊዋ የለችም። የምትቀስመው አበባ ሳስቷል፣ ወፎቹም ርቀዋል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይከተላል እያሉ ሰሌዳ ላይ በቀስት ሲያገናኙ የኖሩት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው! «አይ የኔ ነገር፤ አፌ ሲያስተምር እጄ ሲያጠፋ!» አሉ ለባለቤታቸው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ሚስትየው። «ደግሞስ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሲደፋበት አንተ ብቻ ነህ ያጠፋኸው?»

እሳቸው ግን አልተጽናኑም። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንዲት፣ አንዲት ብቻ ስትበር ቢያዩ እፎይ ይሉ ነበር።

ጋሽ ስፒል ሰማያዊ ቢራቢሮ ይፈልጋሉ የሚለው ወሬ ያ ዜሮ ያገኘው ልጅ ጆሮ ገባ። ዛሬ የታወቀ አናጺ ነው። አንድ ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ በራቸውን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ አገኘሁልዎት!»

ጨርቁን ገለጠ። ራሱ የሠራው፣ ቫርኒሽ የተቀባ ፍሬም ነው። ከመስታወቱ ስር ሰማያዊዋ ቢራቢሮ በስፒል ተወግታለች።

«ልክ እንዳስተማሩን ነው የወጋኋት።»

ጋሽ ስፒል ክው አሉ። «ሌላስ? ሌላ አላየህም?»

«ኧረ እሷንም በስንት መከራ! በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ያቺን ዜሮ ይሰርዙልኝ።»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። የደስታ መስሎት ትከሻቸውን አቀፈ።

«አስር ከአስር ነበርክ ልጄ» አሉት። «ያኔ፣ ጠርሙሱን የከፈትክ ቀን።»

አናጺው ሳቀ። ከዚያ ዐይኑ ወደ መስታወቱ ሄደ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።