ሃምሳን የምንጠብቅ ሁለት ሰዎች

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ የናፍጣ ጄኔሬተር አንቀሳቃሽ ነበርኩ። ከአንኮበር በታች፣ ገደሉ ሥር፣ በወንዝ ውሃ የሚዞር ሌላ ጄኔሬተር ነበር። እሱን የሚጠብቁት በዕድሜ ብዙ የሚበልጡኝ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ መስመር እስኪገናኙ ድረስ ሁለታችንም በሰላም ኖረናል።

ከተገናኙ በኋላ ግን መብራቱ ይወዛወዝ ጀመር። ቀስ ብሎ ይደምቃል፣ ቀስ ብሎ ይፈዛል፣ ደግሞ ይደምቃል። አይጠፋም፤ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «መብራታችሁ ያዛጋል እኮ፣ እንቅልፍ አልጠገበም እንዴ?» ይለኛል።

ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ኮሚቴ ትእዛዝ ነው። በሥራ ውድድር ስም ሁለታችንም የፍጥነቱን መርፌ ሃምሳ ላይ እንድንይዝ፣ ባስተካከልን ቁጥርም በመዝገብ እንድናሰፍር ታዘናል። ብዙ ያስተካከለ ትጉ ይባላል። መርፌዋ ዝቅ ስትል እኔ መሪዬን አዙሬ ነዳጅ እጨምራለሁ፤ ጋሼም እዚያ ማዶ ውሃ ይጨምራሉ። ውሃ ደግሞ ከባድ ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል። የእሳቸው ሲደርስ መርፌዋ ከሃምሳ ታልፋለች። ሁለታችንም ደንግጠን እንቀንሳለን፤ ተመልሳ ትወርዳለች። በር ላይ «ይግቡ»፣ «አይ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ የሚጋጩ ሰዎች ሆነን ቀረን።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። አንዱ ሃምሳን ይጠብቅ፤ ሌላው መሪውን አንድ ቦታ ላይ አስሮ እጁን ይሰብስብ። ይህንን ለኮሚቴው ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ አስረዳሁት። በሦስተኛው ብዕሩን አስቀመጠና፣

«አንዱ ሲሠራ ሌላው ቁጭ ብሎ ይብላ ነው የምትለው?» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሽኑማ ይሠራል። ሰውዬው ነው እጁን የሚሰበስበው።»

«ሁለታችሁም እኩል ትጠብቃላችሁ። ጨርሰናል።»

ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር፣ በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ እጄን ብሰበስብ መብራቱ ይረጋ ነበር። አላደረግሁትም። ትክክል መሆኔ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርልኝ ፈለግሁ። እስኪያምኑኝ ይወዛወዝ ብዬ፣ በእልህ፣ እንደታዘዝኩት መሪዬን ሳዞር ሰነበትኩ።

እነሱ ያመኑት ሌላ ነገር ነው። ችግሩ የመጣው ውሃው ከተቀጠለ በኋላ ነው፤ የውሃው ጠባቂ ደግሞ የቄስ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አሻጥር ነው። አንድ ጠዋት ጋሼን ከሥራ ቦታቸው ወስደው ደብረ ብርሃን አሰሯቸው።

በምትካቸው ሚስቱ አራስ የሆነች የደነባ ሰው ተመደበ። በመጀመሪያው ምሽት መብራቱ እንደለመደው ሲወዛወዝ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም። እኔንም ሊወስዱኝ ነው» አለ።

«አንተ ሃምሳህን ጠብቅ» አልኩትና መሪዬን በሽቦ አስሬ ተቀመጥኩ። መብራቱ ረጋ። መዝገቡ ላይ ግን በየሩብ ሰዓቱ «ተስተካክሏል» እያልኩ ጻፍኩ፤ ያልጻፈ ትእዛዝ ጥሷልና።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ቆመ። «አያችሁ ጓዶች? አሻጥረኛው ከተነሳ ወዲህ መብራቱ ንቅንቅ አላለም።» ተነስቼ ልናገር አሰብኩ፤ ግን ምን ልበል? መዝገቡ፣ ያውም በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ሁለታችንም ስናስተካክል እንደሰነበትን ይመሰክራል። ከወንበሬ አልተነሳሁም። በዚያ ቀን እንደ ራሴ የጠላሁት ሰው አልነበረም።

የጋሼ ባለቤት ስንቅ ለማቀበል ከአንኮበር ሲመጡ እኔ ዘንድ ያድሩ ነበር። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አገልግላቸውን መሬት አስቀምጠው አዳመጡኝና፣

«እንግዲያው አንድ ቀን መሪህን አዙረው፣ ልጄ። እሱ እስር ቤት እያለ መብራቱ ሲወዛወዝ ይዩት» አሉኝ።

ኮሚቴው በስንት ስብሰባ ያልገባው ነገር ለእሳቸው ወዲያው ገባቸው። «እሺ፣ እማማ» አልኳቸው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሽቦውን ፈትቼ መሪውን እንደያዝኩ ስልኩ ጮኸ። የደነባው ሰው ነው። «ልጄ እሁድ ክርስትና ይነሳል። እኔን ያተረፍከኝ አንተ ነህ፤ አንተው አንሳልኝ» አለኝ። መቼ እንደምመጣ ተነጋገርን። ስልኩን ዘጋሁና ሽቦውን መልሼ አሰርኩት።

ጋሼ ሁለት ክረምት ታሰሩ። ከተማው እንደዚያ የረጋ መብራት አይቶ አያውቅም፤ እኔም የትጋት ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እማማ ግን ስንቅ ይዘው በመጡ ቁጥር፣ ደጃፌን አልፈው ሲገቡ፣ ከሰላምታው በፊት ቀና ብለው አምፖሌን ያዩ ነበር።